ከኢንዛይም ሲወጡ፦ ሪአክት ቴስቲንግ ላይብረሪ ወይስ ሳይፕረስ?

ኢንዛይም በሪአክት (የድረ ገጽ መሥሪያ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) የተሠሩ የገጽ ክፍሎችን፣ ማለትም ኮምፖነንቶችን፣ መፈተኛ መሣሪያ ነው፤ ኤርቢኤንቢ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ከሪአክት ስሪት ጋር የሚያገናኘው ይፋዊ አዳፕተር ሪአክት 16 ላይ ቆመ፤ ለ17 የተገኘው ከበጎ ፈቃደኛ የመጣ ነው፤ 18 ላይ መንገዱ ተዘጋ። ስለዚህ ቴስቶቹን ይዞ መቆየት ሪአክትንም አብሮ አስሮ ማቆየት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሁሉ በነፃ ይገኛሉ፤ የምትከፍሉት የሰው ሰዓት ነው።

ሪአክት ቴስቲንግ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን ከጄስት (የቴስት ማስኬጃ) ጋር እዚያው ተርሚናል ላይ ይሮጣል። ልዩነቱ ያለው ኮምፖነንቱን በሚያይበት መንገድ ላይ ነው። ኢንዛይም የኮምፖነንቱን ሆድ ከፍቶ «ስቴትህ (በውስጥህ የያዝከው መረጃ) ስንት ነው?» ይላል፤ ይኼኛው ግን ቁልፉን ተጭኖ ሜኑው መከፈቱን ያያል። የኢንዛይም «ሻሎው» (ኮምፖነንቱን ውስጡ ካሉት ለይቶ ብቻውን የሚፈትነው) እዚህ አቻ የለውም። ስለዚህ መስመር በመስመር ልገልብጥ ያለ ሰው ይቸገራል፤ ስቴትን ብቻ ይጠይቁ የነበሩ ቴስቶችን እኔ ብሆን እሰርዛቸዋለሁ።

ገጻችሁ በአማርኛ ከሆነ አንድ ጉዳይ አለ። ቁልፍን በጽሑፉ ስትፈልጉ «አጽድቅ» እና «አፅድቅ» ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ቴስቱ የሚወድቀው በፊደል ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ገጹ ላይ ያለውን የተዘበራረቀ አጻጻፍ ስለሚያጋልጥ አልጠላሁትም።

ሳይፕረስ ኮምፖነንትን የሚፈትነው በእውነተኛ ብሮውዘር ውስጥ ነው። ጄስት የሚጠቀምበት ጄኤስዶም (ብሮውዘርን የሚያስመስል ላይብረሪ) የገጽ አቀማመጥ አይሠራም፤ የኤለመንቱን ስፋትና ከፍታ ብትጠይቁት ዜሮ ይመልሳል። ስለዚህ ተንሳፋፊ ማስታወሻ የት ላይ እንደወጣ፣ ሲጎተት የት እንዳረፈ ለማየት ሳይፕረስ ይሻላል። ክፍያው ፍጥነት ነው፤ በሺዎች ለሚቆጠሩ ትንንሽ ቴስቶች አልመርጠውም። የፕሌይራይት (ሌላው በብሮውዘር መፈተኛ መሣሪያ) ተመሳሳይ አገልግሎት «የሙከራ» የሚል መለያ ይዞ ስለወጣ ትልቅ ፕሮጀክት አላሳርፍበትም።

የእኔ ምርጫ፦ ዘጠና ከመቶው ወደ ሪአክት ቴስቲንግ ላይብረሪ፣ አቀማመጥ የሚነካው ጥቂቱ ወደ ሳይፕረስ። ኤርቢኤንቢ ራሱ የሄደው ወደ መጀመሪያው ነው፤ በእጅ ዓመት ተኩል ይፈጃል የተባለውን ወደ 3,500 የሚጠጋ ፋይል በቋንቋ ሞዴል እየታገዘ በ6 ሳምንት ጨርሷል።

ቅደም ተከተሉ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ከ13ኛው ጀምሮ ያለው የሪአክት ቴስቲንግ ላይብረሪ ስሪት ሪአክት 18ን ይጠይቃል። 16 ወይም 17 ላይ ያላችሁ መጀመሪያ ስሪት 12ን ጫኑ፤ ከኢንዛይም ጎን ለጎን ይሠራል። አዲስ ቴስት ሁሉ በእሱ ይጻፍ፣ የድሮው ፋይል በፋይል ይዛወር፣ የመጨረሻው የኢንዛይም ቴስት ሲወገድ ሪአክትንና ላይብረሪውን አብራችሁ አሳድጉ።