ለሊኑክስ የትኛው የላፕቶፕ ዋይፋይ ካርድ? የ750 ብሩ ስቲክ ወይስ የ3,800 ብሩ ኢንቴል

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፗን አቅፋ በሬን አንኳኳች። የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አንድ ደረጃ ነው የሚለየን። «ጋሼ፣ ዋይፋዩ እየተቆራረጠ አስቸገረኝ። ይኼን ገዛሁ፣ እሱ ደግሞ ኡቡንቱ ላይ ጭራሽ አይታይም» አለችኝ። ኡቡንቱ ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው። በእጇ የያዘችው ከመገናኛ በ750 ብር የገዛችው፣ አውራ ጣት የማታክል ዩኤስቢ ስቲክ ነበረች። የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስረከብ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ስቲኳን ሳያት አወቅኋት። በ2016 መጀመሪያ እኔ በ450 ብር የገዛኋት ዓይነት ናት። ካርቶኑ ሳይቀር ያው ነው፣ የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው።

ይህን ጥያቄ ታክሲ ውስጥ፣ ልቅሶ ቤት፣ ቢሮ ኮሪደር ላይ ተጠይቄዋለሁና መልሴን አንዴ ልጻፈው። ካርዱ የሚነቀል ላፕቶፕ ካላችሁ ኢንቴል ኤኤክስ200 ግዙ። ላፕቶፑ የቆየ ሆኖ ማስገቢያው የድሮው ዓይነት፣ ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው ከሆነ ኢንቴል 7260 ወይም አቴሮስ ኤአር9462 ፈልጉ። ዩኤስቢ ስቲክ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ነው።

ሒሳቡን ላስቀድም፣ ሰው ሁሉ ስቲክ የሚገዛው «ኢንቴሉ ውድ ነው» ብሎ ነውና። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ያኔ ኤኤክስ200ን 1,900 ብር ሲሉኝ ትቼው ስቲኩን በ450 ገዛሁ። ቤት ደርሼ ስሰካው ላፕቶፑ እንደ ሲዲ አነበበው፤ ውስጡ የዊንዶውስ መጫኛ ብቻ ነበር። እንዲህ ያሉ ስቲኮች መጀመሪያ ሲዲ ነን ብለው ነው የሚቀርቡት፣ ወደ ዋይፋይ እንዲለወጡ ለብቻው ትእዛዝ ይፈልጋሉ። ከተለወጠም በኋላ ድራይቨሩ (ዕቃውን ከሲስተሙ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከከርነሉ (ከሊኑክስ እምብርት) ጋር የሚመጣ አልሆነም። የድራይቨሩን ኮድ አውርዶ እዚያው ላፕቶፑ ላይ መገንባት ያስፈልጋል። ኢንተርኔት ላገኝበት የገዛሁት ዕቃ ራሱ ኢንተርኔት ጠየቀኝ። ለማውረጃ የ200 ብር የሞባይል ዳታ ገዛሁና ሠራ። ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ኡቡንቱ ከርነሉን ሲያድስ ድራይቨሩ እዚያው አሮጌው ላይ ቀረ፣ ስቲኩም መሥራት አቆመ።

ልመልሰው ስሄድ ባለሱቁ «ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ዕቃው ምንም አልሆነም» ብሎ አልተቀበለኝም። በንዴት ከጎኑ ካለ ሱቅ ካርቶኑ ላይ «1200፣ ባለ ሁለት ባንድ» (2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ማለት ነው) የሚል ሌላ ስቲክ በ600 ብር ገዛሁ። ቤት ስፈትሸው 5 ጊጋኸርዝ የሚባል የለበትም፤ ከ150 ሜጋቢት የማያልፍ የቆየ ቺፕ ነው ውስጡ ያለው። 450፣ 200፣ 600፣ ለሁለት ምልልስ ታክሲ 160፤ በድምሩ 1,410 ብር። በ490 ብር ልዩነት ነው ኢንቴሉን ያመለጥኩት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ተመልሼ ስጠይቅ ያው ካርድ 4,500 ሆኗል። ተከራክሬ በ3,800 ወሰድኩት። እንግዲህ ያቺ የ450 ብር ስቲክ መጨረሻ ላይ 5,210 ብር አስወጣችኝ።

ኤኤክስ200ን የምወደው ለፍጥነቱ አይደለም፤ ያን ፍጥነት የሚሞላ ኢንተርኔት በሰፈራችን የለም። የምወደው ስለማያስቸግረኝ ነው። ድራይቨሩን የሚጽፈውና የሚጠብቀው ኢንቴል ራሱ ነው፣ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ከርነል 5.1 ጀምሮም አለ። የኡቡንቱ 20.04 ከርነል 5.4 ስለነበር ከዚያ ወዲህ የወጣ ኡቡንቱ ሁሉ ካርዱን ገና ከመጫኛው ያውቀዋል። ዴቢያን የተባለውን ሌላውን ሊኑክስ የምትወዱ ድሮ ፈርምዌሩን (ካርዱ ራሱ ላይ የሚጫነውን ትንሽ ፕሮግራም) ለብቻ መፈለግ ነበረባችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው ዴቢያን 12 ወዲህ እሱም መጫኛው ውስጥ ገብቷል። ካርዱን ከገጠምኩ ወዲህ ከርነል ስንት ጊዜ እንደታደሰ አላስታውስም፤ ዋይፋዬ አንድ ቀን አልቀረም።

አንዲት ማስተካከያ ግን አድርጌያለሁ። ኡቡንቱ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ዋይፋዩን እንዲያንቀላፋ ያደርገዋል፤ ከራውተሩ ራቅ ስትሉ መቆራረጥ ሊያመጣ ይችላል። ግንኙነቱን በሚቆጣጠረው በኔትወርክ ማኔጀር ማስተካከያ ፋይሎች ውስጥ የዋይፋይ ኃይል ቁጠባ 3 ተብሎ የተቀመጠውን 2 አድርጉትና መልሳችሁ አስነሱት። ካርድ ተበላሸ ብላችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ሞክሩ፣ ምንም አታስከፍልም።

ኤኤክስ210ስ? እሱም ጥሩ ነው፣ ከርነል 5.10 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ተጨማሪው 6 ጊጋኸርዝ ነው፤ በእኛ ብሎክ 6 ጊጋኸርዝ የሚያሠራጭ ራውተር አላየሁም። የዋጋው ልዩነት ከ200 ብር ካልበለጠ ውሰዱት፣ ከበለጠ ተዉት። 5 ጊጋኸርዙ ግን የግድ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ጎረቤት ሁሉ ተደራርቦበታል፤ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ስፈልግ ከሃያ በላይ የዋይፋይ ስም ይደረደርልኛል። 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ማለፍ ይከብደዋል፣ ቢሆንም ያንኑ ያህል ከጎረቤት ሞገድ ያርፋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ሱቅ ሄዳችሁ «ኤኤክስ200» ስትሉ «ኤኤክስ201 አለ፣ ያው ነው፣ በ2,200 ልስጥህ» ይሏችኋል። ያው አይደለም! ኤኤክስ201 እና ኤኤክስ211 ሙሉ ካርድ አይደሉም። ሲኤንቪአይ በሚባለው አሠራር የዋይፋዩ ሥራ ገሚሱ በላፕቶፑ ቺፕሴት ውስጥ ነው ያለው፤ ካርዱ ላይ የቀረው የሬዲዮው ክፍል ነው። ስለዚህ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለው ላፕቶፕ ላይ ፈጽሞ አይነሡም፣ ኢንቴል ላፕቶፕ ላይም ለእነሱ የተዘጋጀ ትውልድ ካልሆነ አይሠሩም። መልካቸውና መጠናቸው አንድ ስለሆነ ማስገቢያው ውስጥ ልክክ ብለው ይገባሉ። የሥራ ባልደረባዬ በኤኤምዲ ላፕቶፑ ላይ ኤኤክስ201 ገጥሞ አንድ ሙሉ እሑድ ሊኑክሱን ሲረግም ዋለ። የሊኑክስ ጥፋት አልነበረም። ከቀድሞዎቹም 9260 ሙሉ ካርድ ነው፣ 9560 ግን ሲኤንቪአይ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ በተቃራኒው ማስገቢያው ሲኤንቪአይ ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ያጋጥማል፣ እዚያ ኤኤክስ200 አይሠራም። ፈትታችሁ መጀመሪያ ምን እንደተገጠመበት እዩ፤ ላፕቶፑ ይዞት የመጣው 9560 ወይም 201 ከሆነ የሞዴሉን መግለጫ ሳታነቡ አትግዙ።

ስለ ኮፒ ዕቃ። በካርዱ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አትመኑ። የኤኤክስ200 ወረቀት የተለጠፈበት አሮጌ 7260 በእጄ ገብቶ ያውቃል። ሁለቱም የኢንቴል ናቸው፣ 7260ም ከሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረሱ ሌላ እንደ ኤኤክስ200 በአዲሱ የካርድ መጠን በኤም.2 ይገኛል፣ በዓይን ብቻ ለይቶ መያዝ ይከብዳል። ውሸት የማይናገረው ራሱ ቺፑ ነው። ኤልኤስፒሲአይ የተባለውን ትእዛዝ ቁጥሮችን እንዲያሳይ አድርጋችሁ (lspci -nn) ስታስነሡት እያንዳንዱ ዕቃ በሁለት ቁጥር ይጠራል፤ የመጀመሪያው የአምራቹ ነው፣ ሁለተኛው የዕቃው። የኢንቴል 8086 ነው። ከሱ ቀጥሎ 2723 ካለ በትክክል ኤኤክስ200 ነው፣ 2725 ካለ ኤኤክስ210 ነው። 8086 ብቻ አይታችሁ እንዳትረኩ፤ ያ የተጭበረበረው ካርድም 8086 ይል ነበር፣ ቀጣዩ ቁጥር ግን በ08 የሚጀምር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ወደ ሱቅ ስትሄዱ ኡቡንቱ ያለበት ፍላሽ ያዙ። ካርዱን እዚያው እንዲገጥሙት ጠይቁ፣ በፍላሹ አስነሡት፣ ቁጥሩን አይታችሁ ክፈሉ። በዕቃው የሚተማመን ነጋዴ ይፈቅዳል። እምቢ ካለ ቀጣዩ ሱቅ አሥር እርምጃ ነው።

የቆየ ላፕቶፕ ያላችሁ በተለየ መንገድ አስቡ። ከመርካቶም ሆነ ከመገናኛ ማዘርቦርዳቸው ሞቶ ለመለዋወጫ ከሚፈቱ ላፕቶፖች የሚወጣ አቴሮስ ኤአር9462 አለ፤ ጀርባው ላይ ኤአር5ቢ22 ተብሎ ይጻፋል። እኔ በ400 ብር ነው የገዛሁት፣ 350 ድረስ የወረደላቸው አሉ። ሁለቱንም ባንድ ይይዛል። ለዋይፋዩ ምንም የተዘጋ ፈርምዌር አይፈልግም፣ ሙሉ ሥራው ክፍት በሆነው ድራይቨር ነው። ሁሉም ሶፍትዌር ክፍት መሆን አለበት ብላችሁ ለምታጠብቁ ከዚህ የተሻለ አታገኙም። አንድ ነገር ላይ ደግሞ ኢንቴልን በግልጽ ይበልጣል፤ ላፕቶፑን ራሱን ራውተር አድርጋችሁ ለቤተሰብ ዋይፋይ ማከፋፈል ከፈለጋችሁ የኢንቴል ካርዶች በ5 ጊጋኸርዝ እንዲያሠራጩ አይፈቀድላቸውም፣ አቴሮሱ ግን ለዚህ ሥራ ምቹ ነው። ኢንቴል 7260 ፍጥነቱ ይሻላል፣ ዋጋው 900 አካባቢ ነው የጠየቁኝ።

ነገር ግን ቲንክፓድ ኤክስ230 ወይም ቲ430 የያዛችሁ ከሆነ ቆዩ። ባዮሱ (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም) የማያውቀውን ካርድ አይቀበልም፤ 1802 የሚል ቁጥር ጽፎ ይቆማል፣ ላፕቶፑ ጭራሽ አይነሣም። የቆዩ ኤችፒዎችም ላይ 104 የሚል ተመሳሳይ መልእክት አለ። ደንግጣችሁ ማዘርቦርዱ ተቃጠለ እንዳትሉ፣ ካርዱን ስትነቅሉት ይነሣል። ለእነዚያ ቲንክፓዶች አብሯቸው የመጣውን ኢንቴል 6205 ፈልጉ፤ ርካሽ ነው፣ ሊኑክስ ላይም ያለ ችግር ይሠራል።

ሌሎቹን ባጭሩ። ሚዲያቴክ ኤምቲ7921 ከከርነል 5.12 ወዲህ አለ፤ ላፕቶፓችሁ ይዞት ከመጣና ከርነላችሁ አዲስ ከሆነ ተጠቀሙበት፣ ገንዘብ ከፍዬ ግን አልገዛውም። የሪልቴክ ካርዶች ብዙዎቹ ዛሬ ከርነሉ ውስጥ ገብተዋል፣ የገቡት ግን ዘግይተው ነው፤ 8852ቢኢ ለምሳሌ የተጨመረው ከርነል 6.2 ላይ ነው። ብሮድኮም ቢሲኤም43142 ለብቻው የሚጫን የተዘጋ ድራይቨር ይፈልጋል፣ ካለባችሁ ቀይሩት።

ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደባችሁስ? ያኔ ስቲክ ግድ ነው። የምትጠይቁት የካርቶኑን ስም ሳይሆን የቺፑን ስም ይሁን። ኤምቲ7612ዩ ከከርነል 4.19 ጀምሮ አብሮ ይመጣል፣ ምንም አትገነቡም። ቲፒ ሊንክ 722ኤን የሚባለውን ሰው ይመክራችሁ ይሆናል፤ ምክሩ ልክ የሚሆነው ለመጀመሪያው ቨርዥን ብቻ ነው። የመጀመሪያው ውስጥ አቴሮስ ኤአር9271 ነበር፣ ከቨርዥን 2 ጀምሮ ግን በዚያው ስም ሪልቴክ ቺፕ ነው ያለው። ጀርባው ላይ ያለውን የቨርዥን ቁጥር ሳታነቡ አትውሰዱ።

ስትገጥሙ ትንሽ ካቻቢቴ፣ ንጹሕ ጨርቅና ትዕግሥት ይበቃል። መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። የኤም.2 ካርድ የአንቴና መያዣ ከሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረሱ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ የድሮ ላፕቶፕ የአንቴና ሽቦ አዲሱ ካርድ ላይ በግድ አይገባም። አንድ ጥገና ቤት ተጭኖ መያዣዋን ከካርዱ ላይ ገንጥሎብኛል፤ የተገነጠለች መያዣ መልሶ የሚበይድ እስካሁን አላገኘሁም። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ቀጭ ስትል በጣት ይሰማችኋል። የኤስኤስዲው ማስገቢያም ኤም.2 ይባላል፣ የዋይፋይ ካርድ ግን እሱ ላይ አይገባም።

ለጎረቤቴ ልጅ በዚያ ቅዳሜ መጀመሪያ ያደረግሁት ስልኳን በኬብል ሰክቼ ዳታውን ከስልኳ እንዲወስድ ማድረግ ነው፤ ያ ያለ ዋይፋይ ካርድ ይሠራል፣ ጽሑፏን የላከችውም በሱ ነው። ሰኞ አብረን መገናኛ ሄድን። ኤኤክስ200ውን 4,200 ብለው ጀመሩ፣ 2723 መሆኑን በፍላሽ አይተን በ3,800 ተስማማን፤ ከዚያ በታች ለእኔም ለእሷም አልወረደም። የስቲኩን ሱቅ ገንዘቧን እንዲመልስ ለመንነው፣ አልሆነም። በመጨረሻ 150 ብር ጨምራ በ64 ጊጋ ፍላሽ ለወጠችው። ኡቡንቱ ጭነንበታል፤ ከብሎካችን ካርድ ሊገዛ የሚሄድ ሁሉ ከእሷ ተውሶ ይዞት ይወጣል።