ሾላ ገበያ እሬት ለሚሸጡት እናት

ዛሬ አንዲት እናት ላመሰግን ነው። ሾላ ገበያ እሬት፣ ጤና አዳምና ዳማከሴ ይሸጣሉ። የቅንጭብ ወተት ያቃጠለው ሰው ካለ እባካችሁ አንብቡልኝ።

ሸዋሮቢት ያለው የቤታችን አጥር ቅንጭብ ነው። ድሮ የሚከረክመው አባቴ ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ ዘንድሮ የእሱን ጃኬት ደርቤ እኔው ገባሁበት። ወተቱ ክንዴና አንገቴ ላይ ተረጨ። ማታውኑ ቀላ፣ በነጋታው ውሃ ቋጠረ።

አዲስ አበባ ስመለስ ያልሄድኩበት የለም። አንዱ ጋ ቀና ብሎ ክንዴን እንኳን ሳያይ ቅባት ሸጠልኝ። ሌላ ቦታ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጠው፣ ለጥፈው አሰሩልኝ። ያን ሌሊት እያለቀስኩ ነው ያነጋሁት። ቆዳዬ ተላጠ። ከፍዬ ቁስል ገዛሁ!

እኚህ እናት ግን ሳይሸጡ በፊት ጠየቁኝ። "ዓይንሽን ነክቶሻል?" አሉ። ዓይን ከሆነ በብዙ ውሃ ታጥቦ በቀጥታ ሐኪም ቤት ነው፣ እኔ ጋ አይመጣም አሉኝ። ቀጠሉና "የዚያን ቀን የለበስሽውን አጥበሽዋል?"

ዝም አልኩ። የአባቴን ጃኬት አላጠብኩትም። ጠረኑ እንዳይለቅ ብዬ። ማታ ማታ እሱን ደርቤ ነው የምቀመጠው። ለካ የደረቀው ወተት እጅጌውና ኮሌታው ላይ ነበር። ይህን ስነግራቸው እጄን ያዝ አድርገው "ልጄ፣ አባትሽ ቢኖር ቀድሞ የሚያጥበው እሱ ነበር" አሉኝ። ገበያው መሃል አለቀስኩ።

ሁለት ቅጠል እሬት ሰጡኝ። መጀመሪያ ቆርጬ እንዳቆመው፣ ቢጫው ፈሳሽ ወጥቶ እንዲያልቅ፣ እሱ ራሱ ቆዳ እንደሚያስቆጣ ነገሩኝ። ከውስጥ ያለውን ጥርት ያለውን ብቻ ቀባሁ። የተላጠውን ግን እንዳልነካውና ጤና ጣቢያ እንዳሳየው አስጠነቀቁኝ፤ አሳየሁት። የአጃ ዱቄትም በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጬ፣ ንጹህ ጨርቅ እየነከርኩ አሳረፍኩበት። እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም፣ እፎይ ማለቴን ግን አውቃለሁ። ጃኬቱን ሁለቴ በሳሙና አጠብኩት። በሳምንቱ ማሳከኩ ለቀቀኝ።

ብር ብሰጣቸው እምቢ አሉ። ስለዚህ እናንተ ግዙልኝ። ሾላ የምትሄዱ፣ እባካችሁ ከእሳቸው ግዙ። እንዲህ ጠይቆ የሚሸጥ ሰው አላጋጠመኝም። እማማ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት እሬታቸው ያልቃል።