ኦልፋ 45 ሚሊሜትር ክብ መቁረጫ፦ ያበላሸሁትን የመጀመሪያ ኩዊልቴን ያዳነልኝ

ይሄን የምጽፈው ኩዊልት መጀመር ለምትፈልጉ ነው፣ በተለይ ቤታችሁ የስፌት መኪና ኖሮ "መስፋትማ እችላለሁ" ብላችሁ ለምትገቡት፣ እኔም እንደዛ ብዬ ነው የገባሁት። ለማታውቁት ባጭሩ፣ ቁራጭ ጨርቆች ተገጣጥመው የላዩን ይሰራሉ፣ መሀል ላይ ስስ ጥጥ ይነጠፋል፣ ከስር ገበር ይሆናል፣ ከዛ ሶስቱ አንድ ላይ ይሰፋሉ። እናቴን በቪዲዮ ሳሳያት "ድሪቶ ነው እንዴ ምትሰሪው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ዘመዳሞች ናቸው፣ ልዩነቱ ድሪቶ የተቀደደበትን እያየ ነው ሚጣፈው፣ ኩዊልት ግን ከመጀመሪያው በልክ ካልተቆረጠ አይገጥምም። እኔ ይሄን ያወኩት ጨርቁን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ነው ምሰራው። አንዲት የ84 ዓመት እናት አሉ፣ አልጋቸው ላይ እናታቸው የሰፉላቸው ኩዊልት አለ፣ ማታ ማታ እሱን ሳለብሳቸው ስፌቱን በጣቴ እየነካሁ አየው ነበር። እህቴ ስታረግዝ ለልጇ እንደዚ አይነት እሰራለሁ ብዬ አራት አይነት የጥጥ ጨርቅ ገዛሁ፣ በእርሳስና በማስመሪያ አሰመርኩና በመቀስ 80 ካሬ ቆረጥኩ፣ እያንዳንዱ 6 ኢንች ተኩል። አራት አራቱን ስገጥማቸው 20 ትልልቅ ካሬ ይወጣኛል፣ ሁሉም 12 ኢንች ተኩል መሆን ነበረበት። አንዱ 12 የማይሞላ፣ አንዱ ወደ 13 የሚጠጋ ሆነ! የመጀመሪያውን መደዳ ስቀጥል ማዕዘኖቹ አልተገናኙም፣ በግድ እየጎተትኩ ላገናኝ ስል ጨርቁ ተጨማደደ፣ በዛው በፌስታል አድርጌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት፣ ሁለት ወር እዛው ቀረ። በጣም ነው ያዘንኩት፣ ለህጻን ብዬ ነበርና።

በኋላ ፎቶውን ለኒያ እናት አሳየኋቸው። ትንሽ አዩና ሁሉንም አትተርትሪ፣ መደዳውን ብቻ ፍቺና ካሬዎቹን በሙሉ በትንሹ ልክ ቁረጫቸው አሉኝ። ግን በመቀስ አይደለም፣ ክብ መቁረጫ፣ የመቁረጫ ማት (ስትቆርጪ ከጨርቁ ስር የሚነጠፍ ምንጣፍ) እና ረጅም ማስመሪያ ግዢ አሉኝ። ሶስቱንም ገዛሁ፣ አንድ ላይ ወደ 80 ዶላር አካባቢ ነው የወጣብኝ።

መቁረጫው ኦልፋ ነው፣ የጃፓን ኩባንያ ነው፣ ኩዊልተሮች እስካሁን ሚጠቀሙበትን ይሄን ክብ መቁረጫ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው እሱ ነው። ፒዛ መቁረጫ ታውቁ የለ፣ እንደሱ ነው ሚሽከረከረው፣ ምላጩ ግን እውነተኛ ምላጭ ነው። ቢጫ እጀታ አለው፣ ለቀኝም ለግራም እጅ ይሆናል፣ 45ቱ ሚሊሜትር የክቡ ምላጭ ስፋት ነው፣ ከዳር እስከ ዳር። ከዚህ ያነሱም የሚተልቅ 60ም አለ፣ ለጀማሪ ግን 45 ይበቃል፣ ሌላ አትግዙ።

ከመቀስ በምን ይሻላል ካላችሁ፣ መቀስ ስትቆርጡ የታችኛው ስለት ጨርቁን ከጠረጴዛው ያነሳዋል፣ ሲነሳ ይንሸራተታል፣ ሁለት ድርብ ከሆነማ ላይና ታቹ አንድ አይመጣም። ይሄኛው ጨርቁ እንደተኛ ነው ሚቆርጠው፣ ማስመሪያውን በግራ እጅ ጫን አድርጎ ይዞ በጠርዙ ወደፊት መግፋት ነው፣ ወደ ራስ መጎተት የለም፣ አራት ድርብ ጨርቅ ባንዴ ይሄዳል።

እንዴት እንዳዳነኝ ደግሞ ልንገራችሁ፣ የኔ አይነት ችግር የገጠማችሁ ይጠቅማችኋል። አራቱ ጨርቅ ሚገናኝበት መሀል ላይ መስቀል አለ አይደል፣ የማስመሪያውን የ5 ኢንች ከሶስት ሩብ መስመር በቁሙም በአግድሙም እዛ መስቀል ላይ ታሳርፉና በቀኝና በላይ በኩል ያለውን ትርፍ ትቆርጣላችሁ፣ ከዛ ካሬውን አዙራችሁ ሌላውን ሁለት ጎን እንደዛው። እንደዚህ ስታደርጉ መስቀሉ ሁሌም መሀል ይሆናል፣ ካሬው በሙሉ 11 ኢንች ተኩል ይወጣል። በሁለት ማታ 20ውንም ጨረስኩ። ኩዊልቱ 48 በ60 ይሆናል ያልኩት 44 በ55 ሆነ፣ ለህጻን ምን ችግር አለው። እንደገና መደዳውን ስቀጥል ማዕዘን ከማዕዘን ገጠመ፣ ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም ከደስታ።

መቁረጫ ብቻውን ግን አይበቃም፣ የኔ ስህተት ግማሹ ከስፌቱ ነበር። የኩዊልት ስፌት ከጠርዝ ሩብ ኢንች ነው ሚገባው፣ እኔ ደግሞ ጨርቁን ከላይ ሚጫነውን የመኪናውን እግር ጠርዝ እየተከተልኩ ነበር፣ የኔ መኪና እግር ደሞ ከሩብ ኢንች ይሰፋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች ግን ሂሳቡን እዩት፣ በአንድ ስፌት 1/16 ኢንች ብትስቱ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሆነ 1/8 ይሄዳል፣ 8 ቁራጭ በተርታ ሲሆን 7 ስፌት አለ፣ ወደ አንድ ኢንች ሊጠጋ ነው። መድሃኒቱ ቀላል ነው፣ ከመርፌው ሩብ ኢንች ለክታችሁ መኪናው ላይ ፕላስተር ለጥፉና ጨርቁን እሱን አስደግፋችሁ ስፉ። ካውያም እንደ ሸሚዝ ወዲያ ወዲህ አይገፋም፣ አንስቶ መጫን ነው፣ ሲገፋ ጨርቁ ይለጠጣል።

ሶስቱን ድርብ ስትሰፉ ደግሞ ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ውጪ ሂዱ፣ መርፌ ቁልፍ በየአንድ መዳፍ ርቀት አድርጉበት። እኔ ከዳር ጀምሬ ገበሩ ከኋላ ተሸበሸበ፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ስተረትር ዋልኩ።

እኒያ የ84 ዓመት እናት ስለ ሃሪየት ፓወርስም ነገሩኝ፣ አሜሪካ ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ናት፣ ነጻ ከወጣች በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በጨርቅ የሰፋችበትን ኩዊልት ሲቸግራት በ5 ዶላር ነው የሸጠችው፣ ዛሬ ዲሲ የሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ንብረት ነው። ፎቶውን ሳይ ክፍሎቹ እኩል አይደሉም፣ ግን ታሪኩ ራሱ ይይዘዋል፣ ዓይን ስፋቱን አይለካም። እንደኔ ካሬ ከካሬ ምትገጥሙ ከሆነ ግን ልኬቱ ነው ስራው፣ ስለዚ በመቀስ አትድከሙ፣ መሳሪያውን ግዙ።

ስለ መቁረጫው ማወቅ ያለባችሁ፣ ቀጥ ያለ እጀታ ያለው ይሄኛው ሞዴል መሸፈኛው በእጅ ነው ሚመለሰው፣ ራሱ አይዘጋም፣ ስለዚ ባስቀመጣችሁት ቁጥር ዝጉት፣ ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ፣ በዚ ቀልድ የለም። ስፒል ላይ አታስኬዱት፣ እኔ አንዴ አስኬጄው ምላጩ ተሸረፈና ከዛ በኋላ በየዙሩ አንድ ክር ሳይቆርጥ ያልፍ ነበር፣ እንደዛ ሲጀምር መቀየር ነው፣ ምላጩ ለብቻው ይሸጣል። ወረቀት አትቁረጡበት ይደንዛል። ማቱን ደግሞ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ አትተዉት፣ ካውያም አታሳርፉበት፣ ሙቀት ያጣምመዋል፣ አንዴ ከተጣመመ አይመለስም።

እኔ ከ5ቱ 5 ኮከብ ነው ምሰጠው። በጀታችሁ ትንሽ ከሆነ ከጨርቁ ቀንሱና ይሄን ግዙ፣ አዲስ የስፌት መኪናም አያስፈልጋችሁም፣ ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ ከሆነ ያለው ይበቃል።

የእህቴ ልጅ አሁን ስድስት ወሯ ነው፣ ኩዊልቱ ላይ ነው ምትንፏቀቀው። እኔ ደግሞ ያረጀ የሀበሻ ቀሚስ ቆርጬ ለእናቴ ልሰራላት ጀምሬያለሁ። ሸማ ለስላሳ ስለሆነ ከምላጩ ስር ይሸሻል፣ መጀመሪያ ስታርች (ጨርቅ ቀጥ የሚያደርግ ፈሳሽ) ነፍቼ በካውያ ተጫንኩትና እንደ ወረቀት ቀጥ ብሎ ተቆረጠልኝ፣ ጠርዙ እንዳይተረተር ከኋላው በካውያ ሚጣበቅ ስስ ገበር ለጠፍኩበት። ጥለቱ ላይ ወርቃማ ክር ካለ ግን በአሮጌ ምላጭ ቁረጡት፣ አዲሱን ቶሎ ነው ሚያደነዝዘው።