ጊብሊ ወይስ ዴይቶና፦ ሁለት የጣሊያን የረጅም ጉዞ መኪኖች

እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን የመኪና ትርኢት የቀረበው ማዜራቲ ጊብሊ እና ከሁለት ዓመት በኋላ በፓሪስ የታየው ፌራሪ ዴይቶና፣ ሁለቱም ሞተራቸው ከፊት ሆኖ ረጅም መንገድን በፍጥነትና በምቾት ለመጓዝ የተሠሩ ናቸው። በመልክ ጆርጄቶ ጁጃሮ የነደፈውን ዝቅ ያለውን ጊብሊ አስቀድማለሁ፤ ሆኖም ባለ 8 ሲሊንደሩ ውድ መኪና ከኋላ፣ እኛም በጣሊያንኛ ስሙ በምንጠራው፣ በጭነት መኪናው ባሌስትራ ላይ ማረፉ ያስገርማል።

ዴይቶና ግን ለአነዳድ ይበልጣል፤ ባለ 12 ሲሊንደሩ፣ 4.4 ሊትሩ ሞተር 352 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው፣ ክብደቱ እንዲመጣጠን ካምቢዮው ወደ ኋላ ተወስዷል፣ አራቱም ጎማዎች ለየብቻ ይነጥራሉ። በግልጽ ፕላስቲክ የተሸፈኑት የፊት መብራቶቹ ከአሜሪካ ሕግ ጋር ስላልተስማሙ፣ በ1971 ጊብሊ ከመጀመሪያው በነበሩት ዓይነት ተነሥተው በሚወርዱ መብራቶች ተተኩ።