ለልጄ አስጠኚ ምስጋና፣ ለጎንደር ወላጆችም ጥቆማ

ልጄ አምና 25 በ16 ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ተጠይቃ፣ «25 በ4 መቶ፣ መቶ በ4 ደግሞ 400» ብላ መልሳ ነበር። መልሱ ልክ ቢሆንም «የተማራችሁት መንገድ ይህ አይደለም» ተብሎ ኤክስ ተደረገበት፤ ከዚያ ወዲህ በክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት አቆመች።

ዝምታዋን የሰበሩልኝ አዘዞ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጡ መምህርት ናቸው፤ ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቁኝ ትቼዋለሁ።

ለጥምቀት ሰሞን ለልጆቹ ያቀረቡላቸው ጥያቄ «ከቀሃ ወንዝ እየገባ የአፄ ፋሲል መዋኛን የሚሞላው ውኃ ምን ያህል እንደሆነ ያለ ሜትር እንዴት እናውቃለን?» የሚል ነበር። አንዱ ዙሪያውን በእርምጃ እለካለሁ ሲል፣ ሌላዋ የሚገባው ውኃ አንድ ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ እቆጥራለሁ አለች፤ የእኔዋ ደግሞ መዋኛው ባዶ ሳለ ወርዳ ጥልቀቱን በቁመቷ ልትለካ አሰበች። «አያቴን እጠይቃለሁ» ያለም አልጠፋ። መምህርቷ የአያቱን ጭምር ሁሉንም ሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ሐሳቡ ፈልቆ እስኪያልቅ ድረስም «ልክ ነው» ወይም «ስህተት ነው» የሚል ቃል ከአፋቸው አልወጣም። ማጣራቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ የትኛው መንገድ ለስህተት እንደሚያጋልጥ የተከራከሩትም ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ።

መምህርቷ ጠይቀው ዝም ማለታቸው መጀመሪያ ግራ አጋብቶኝ ነበር። ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቁ፣ ቆይታው 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የተማሪዎች መልስ እንደሚረዝምና ዝምተኞቹም መናገር እንደሚጀምሩ ማሳየታቸውን የነገሩኝ መምህርቷ ናቸው። ቅኔ ቤት ያደጉት አባቴ ግን ይህን ስነግራቸው አልተደነቁም፤ «እኛስ የትናንቱን መቼ ደግመን እናውቃለን? በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ነበር የምንቆጥረው» አሉኝ።

አንድ ነገር መሸሸግ አልፈልግም፤ ልጁን ለሚኒስትሪ ጥያቄና መልስ እንዲያስሸመድዱለት የሚሻ ወላጅ በመምህርቷ አይረካም፤ አንድ ጥያቄ ሙሉ ጠዋት የሚፈጅበት ቀን አለና። ይሳቅብኛል ብሎ የሚሰጋ ልጅ ያለው ወላጅ ግን በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አገናኘዋለሁ። ከመመዝገቡ በፊትም አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት መጥቶ፣ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ መታዘብ ይችላል።

መምህርት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ ባለፈው ሳምንት በትምህርት ቤቷ እጇን አውጥታ መለሰች፤ ተሳስታም ነበር አሉኝ።