ጠዋት ሂዱ፣ ወንበር ይዛችሁ ሂዱ

የድሬ ልጅ አስተያየት የሚጽፈው ስለ ፉል ቤትና ስለ ጁስ ቤት ነው። እኔ ዛሬ ስለ አንድ ራፖር ጸሐፊ፣ ክስና ማመልከቻ ስለሚጽፍ ሰው ልጽፍ ነው። አቦ እንዳትስቁ። እስከ ባለፈው ወር ድረስ ራፖር ጸሐፊ ለፍቺና ለቦታ ክርክር ብቻ የሚኬድበት ሰው ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል 14 ወር ሠራሁ። ስሙን አልጠራም፣ ጉዳዩ ገና ፍርድ ቤት ነው። አንድ ቀን ከሺፍት ስንወጣ ሱፐርቫይዘሩ ስድስታችንን ለይቶ "ከነገ ጀምሮ አትምጡ፣ ሥራ ቀዝቅዟል" አለን። በቃ። ደብዳቤ የለ፣ ሒሳብ የለ። በማግስቱ ቢሮ ስንሄድ "ለመሆኑ ውል አላችሁ?" ተባልን። ውል የሚባል ወረቀት ፈርመን አናውቅም። እኔም የዋህ፣ ካልፈረምኩማ መብት የለኝም ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ቤቴ ተቀመጥኩ። በመጨረሻ እጄን ይዛ ከዚራ ሰፈር የወሰደችኝ ጎረቤቴ ናት።

ቦታው ትልቅ ዛፍ ሥር ያለ የፎቶ ኮፒ ቤት በረንዳ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ አንድ ጠርዙ በጣት የጠቆረ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅጂ። ወንበር ሁለት ብቻ ነው፣ የአንዱ እግር ተሰብሮ በጡብ ተደግፏል። ወረፋው ረጅም ስለሆነ በዚያ ሙቀት ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት፤ እኔ ሁለት ሰዓት ተኩል ቆሜያለሁ። ዋጋው ገጹ 150 ብር ነው። የኔ ሦስት ገጽ ወጣው፣ 450 ከፈልኩ። ኮፒው ለብቻ ነው። ምክሩ ነፃ ነው፣ ቁጣውም ጭምር።

ጸሐፊውን "ጋሼ" ነው የምለው። አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፣ ግን ድሬ ላይ አንቱታ አፍ ላይ አይመጣም፣ እሱም "አንቱ የሚባለው ዳኛው ነው" ብሎ አስቆመኝ።

መጀመሪያ የጠየቀኝ ስሜን አይደለም። "መቼ ነው ያስወጡሽ?" ነው ያለው። ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረ። "ወደ ሥራዬ ልመለስ ለማለት 3 ወር ነው የተሰጠሽ። ለደመወዝና ለኦቨርታይም 6 ወር። ከዚህ ላይ ሁለቱን ተኝተሽበታል።" ስለ ውሉ ስነግረው ደግሞ ከት ብሎ ሳቀ። ውል በቃልም ይጸናል አለኝ። እንዲያውም የሥራዬን ሁኔታ በ15 ቀን ውስጥ ጽፎና ፈርሞ ሊሰጠኝ የሚገባው አሠሪው ነው። የሱን ጥፋት የኔ አድርጌ ነው ለካ የተቀመጥኩት።

ቀጥሎ ያደረገውን ግን በዝርዝር ልንገራችሁ፣ 450 ብሩን የከፈልኩት ለዚህ ነው ብዬ ነው የማስበው። ያረጀ የክስ ወረቀት ገለበጠና "ደመወዝሽ?" አለ። 4,160። "በሳምንት 48 ሰዓት ነው፣ በወር 208 ይመጣል። አካፍይ።" በስልኬ አካፈልኩት፣ 20 ብር። "ያንድ ሰዓትሽ ዋጋ ነው። 14 ወር ሠርተሽ ይቺን አታውቂም?" አላውቅም ነበር። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ ኦቨርታይም በ1.5 ይባዛል፣ 30 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ 35 ብር። የሳምንት ዕረፍት ቀን እጥፍ ነው፣ 40። የሕዝብ በዓል በ2.5፣ 50 ብር። እኛ ደግሞ እሁድም ይሁን ማታ በነጠላ 20 ብር ነበር የምንቀበለው፣ ያውም "ቦነስ" እየተባለልን፣ አመስግነን።

እሁዶቹን በቴሌግራም አገኘናቸው። ሱፐርቫይዘሩ ቅዳሜ ማታ "ነገ የምትገቡ" ብሎ ስም ዝርዝር ይልክ ነበር፣ አላጠፋሁትም። ፕሪንት አድርጊው አለኝ። ጊዜው ያላለፈባቸው 15 እሁዶች ተገኙ። አንድ እሁድ 8 ሰዓት ነው፣ በሰዓት የጎደለው 20 ብር፣ ስለዚህ በአንድ እሁድ 160፣ በድምሩ 2,400 ብር። ከዚያ በፊት ያሉትን 8 እሁዶች በእስክሪብቶ ሰረዛቸው። ሁለት ወር ቤት ስቀመጥ ከኋላ የተቆረጡት ናቸው፣ 1,280 ብር። ሲሰርዛቸው ማየት አስጠልቶኛል።

የሌላው ቶሎ አለቀ። ከአንድ ዓመት በላይ ስለሠራሁ ማስጠንቀቂያው 2 ወር መሆን ነበረበት፣ ያ 8,320 ብር ነው። ያልወጣሁት የ16 ቀን የዓመት ፈቃድ 2,560። ሒሳቤም በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል ስለነበረበት የዘገየበትን ጨመረልኝ። በመጨረሻ ጡረታ ይቆርጡ እንደነበር ጠየቀኝ። 7 በመቶ፣ በየወሩ 291 ብር ከ20 ሳንቲም። አሠሪው 11 በመቶ ጨምሮ ማስገባት አለበትና ሄደሽ አጣሪ አለኝ። አጣራሁ። የ5 ወር ብቻ ነው የገባው።

ከኔ ኋላ አንዲት ነፍሰ ጡር ቆማ ነበር፣ ሆዷ ሲገፋ "ስትወልጂ ትመለሻለሽ" ብለው የሸኟት። ጋሼ ለሷ በኦሮምኛ ነው ያስረዳት፦ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ከነደመወዙ። በእርግዝና ጊዜና ከወለደች እስከ 4 ወር ድረስ ማሰናበትም ክልክል ነው። ጡቧ ላይ ያለውን ወንበር ለቀቅንላት።

እኔም አፌ አላርፍ ብሎ "ጋሼ፣ ለመሆኑ 4,160 ራሱ ያንሳል ብለህ አትጽፍልኝም?" አልኩት። መልካ ጀብዱ ላይ ለሁለት የምንከራየው ክፍል ድርሻዬን ሳወጣ ግማሹ ሄዷል እኮ። "እሱን ለማን ብዬ ልጻፈው?" አለኝ። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ከዚህ በታች አይከፈልም የሚል ቁጥር ይዞ ክስ የሚጻፍበት ነገር የለም። ከዚያ "ማኅበር አላችሁ?" ብሎ ጠየቀኝ። የለንም። ለማቋቋም 10 ሠራተኛ ይበቃል አለ። እኛ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከ200 በላይ ነበርን። አባቱ ምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ስለዚያ ዘመን ማኅበር ከጀመረ አያቆምም፣ ወረፋው ይቆማል እንጂ።

አሁን ጉድለቱን ልናገር። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ አትሂዱ፣ ኮምፒውተሩ ጨርቅ ለብሶ ነው የምታገኙት። በርጫ ነው፣ ጫቱ ላይ ተቀምጧል፣ ወላሂ ፍርድ ቤት ቢጠራውም አይነሳም። መብራት ከጠፋ ደግሞ የጻፈው ሁሉ ይጠፋል፣ እየጻፈ ሴቭ የማድረግ ልማድ የለውም፤ የኔን ሁለተኛ ገጽ ሁለት ጊዜ ነው የጻፈው (ሁለቴ አላስከፈለኝም)። አማርኛውም ጠጣር ነው። "ከሳሽ ሠራተኛ በተከሳሽ ድርጅት" እያለ ሲያነብልኝ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ መሰለኝ። ቃል በቃል አስረዳኝ በሉት፣ ያስረዳል፣ እየተቆጣ።

ክሱን ሳስገባ የዳኝነት አልከፈልኩም፣ የሠራተኛ ጉዳይ አይከፈልበትም። ሕጉ በ60 ቀን ይወሰን ይላል፣ ቀጠሮዬ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። መጥሪያው የደረሳቸው ዕለት ከቢሮ ተደውሎ "እህታችን፣ በሽማግሌ ብናየው ምናለ" ተባልኩ። 14 ወር ሙሉ እህታቸው መሆኔን አላውቅም ነበር።

ከስድስታችን የከሰስነው ሦስት ነን። አንዷ ፈራች። አንዷ ጅቡቲ ገባች። አንዷ ደግሞ እስካሁን "ምንም አልፈረምኩ" ብላ ቁጭ ብላለች፤ ወደ ሥራ ልመለስ ለማለት ያላት 3 ወር የፊታችን ረቡዕ ያልቃል። ሰኞ በጠዋት ይዣት እሄዳለሁ፣ ሁለት በርጩማ ከቤት እንይዛለን።