የሐይቁ ቆሮሶ ወይስ ቀዩ ሳልሞን?

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐይቅ ከተማ የሚጠመደው ቆሮሶ (ቲላፒያ) እና የሰሜን ፓስፊኩ ሶክአይ ሳልሞን ሁለቱም ዓሣ ይባሉ እንጂ ኑሯቸው ለየቅል ነው።

ሶክአይ በጠጠር መሐል ትፈለፈላለች፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት በሐይቅ፣ ቀጥሎም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት በውቅያኖስ ታድጋለች። ከዚያ የትውልድ ወንዟን በጠረኑ ለይታ ትመለሳለች። ወንዙን ሽቅብ ስትወጣ ምግብ አትቀምስም፤ ብርማ ገላዋ ቀይ፣ ጭንቅላቷ አረንጓዴ ይሆናል። ከ2,000 እስከ 4,000 የሚደርስ እንቁላል ጥላ ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች፤ ወንዱም እንዲሁ። ከንቱ ሞት ግን አይደለም፤ ከባሕር ያመጣችው ንጥረ ነገር ልጆቿ የሚያድጉበትን ውሃ ያዳብራል።

ቆሮሶ እንዲህ ያለ ጉዞ አያውቅም። እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቿን መልሳ ወደ አፏ ታስገባለች። ደጋግማም ትራባለች። በእናትነት ከተመዘኑ እኔ ለቆሮሶ አደላለሁ።

ኮምቦልቻ ላይ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ለማርባት ላሰበም ምርጫው ቆሮሶ ነው፤ የደሴ ብርድ ግን እድገቱን ያዘገየዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ወዳዷ ሶክአይ ደሴን ትመርጥ ይሆናል፤ ባሕሩ ከየት ይምጣላት?